ጠመንጃው በመጨረሻ ይገዛል፦ በቨርጂኒያ ብሔራዊ ደኖች ውስጥ አጋዘን ለማደን ለሚፈልግ ጀማሪ

በአሌክሳንድሪያ፣ በስፕሪንግፊልድ ወይም በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ኢትዮጵያዊ አጋዘንን የሚያውቀው በአብዛኛው በሌሊት ከመኪናው ፊት ሲዘል ወይም በጓሮ የተከለውን ጎመን ጨርሶበት ሲሄድ ነው። ከከተማው ሁለት ሰዓት ያህል ወደ ምዕራብ ቢነዳ ግን፣ ፈቃድ የቆረጠ ሰው ሁሉ ሊያድንበት የሚችል ተራራማ ደን ያገኛል። ጆርጅ ዋሽንግተንና ጄፈርሰን የሚባሉት ብሔራዊ ደኖች በአንድ አስተዳደር ሥር ሆነው 1.8 ሚሊዮን ኤከር ገደማ ይሸፍናሉ፤ አብዛኛውም በቨርጂኒያ ክልል ውስጥ ነው። እዚያ ለማደን የመሬት ባለቤት ደጅ መጥናት ወይም ለአደን ክበብ መክፈል አያስፈልግም።

ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሄዱበት ቅደም ተከተል ግን የተገለበጠ ነው። መጀመሪያ ጠመንጃ ይገዛሉ፤ ቀጥሎ ቅጠል መሰል ልብስ፣ ቀጥሎ ፈቃድ። የወቅቱ መክፈቻ ሦስት ቀን ሲቀረው “ግን የት ነው የምሄደው?” ብለው ይጠይቃሉ። በመንግሥት መሬት ላይ የሚቀናው ሰው ይህንን ጥያቄ በነሐሴ የጠየቀ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ጠመንጃው ወደ ኋላ ይቆያል።

ከሁሉ በፊት፦ ሥጋውን ትበሉታላችሁ?

ይህ ጥያቄ እንስሳው ከወደቀ በኋላ የሚነሳ መሆን የለበትም። ለኦርቶዶክስ ክርስቲያን አጋዘን በዓይነቱ ችግር የለበትም፤ ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ ነው፣ ዘዳግም 14፥5 ላይም ዋላና ሚዳቋ ከሚበሉት ጋር ተቆጥረዋል። የሚያከራክረው አሟሟቱ ነው። በጥይት የወደቀ እንስሳ በሥላሴ ስም ተባርኮ አልታረደም። በዚህ ላይ ሁሉም አባቶች አንድ ዓይነት መልስ ላይሰጡ ስለሚችሉ የነፍስ አባታችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሙስሊም አንባቢም እንዲሁ ቃታውን ሲስብ “ቢስሚላህ” ስለማለት፣ እንስሳው በሕይወት ከተገኘ ስለማረድና ሞቶ ከተገኘ ስላለው ሁኔታ ከሚያምነው ዓሊም ይረዳ።

የጾሙ ጉዳይ ደግሞ አለ። በቨርጂኒያ አጠቃላይ የጠመንጃ አደን የሚከፈተው ከኖቬምበር ሦስተኛ ሰኞ በፊት ባለው ቅዳሜ ነው፤ ይህም ከ13 እስከ 19 ባሉት ቀናት ውስጥ ይውላል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15፣ ማለትም ኖቬምበር 24 ወይም 25 ይገባል። የጽጌን ጾም የሚጾም ሰው ኅዳር 6 ይፈታል። እንግዲህ በሁለቱ ጾሞች መካከል ያለው አንድ ሳምንት ከምናምን ከመክፈቻው ሳምንት ጋር የሚገጣጠም መሆኑ ለኛ የታሰበ ይመስላል። ረቡዕና ዓርብ ግን ያው ናቸው። ከዚያ በኋላ የተገኘ ሥጋ ለገና በማቀዝቀዣ ይቆያል።

የማን መሬት ላይ እንደቆማችሁ እወቁ

ትልቁ ስሕተት ብሔራዊ ፓርክንና ብሔራዊ ደንን አንድ ማድረግ ነው። ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ በውስጡ ማደን ፈጽሞ ክልክል ነው። በብሉ ሪጅ ፓርክዌይ ጠርዝ ያለው መሬትም በፓርኮች አገልግሎት የሚተዳደር ስለሆነ አይታደንበትም። ብሔራዊ ደን ግን በግብርና ሚኒስቴር ሥር ባለው የደን አገልግሎት የሚመራ ነው፤ እንጨት ይቆረጥበታል፣ ከብት ይግጥበታል፣ ይታደንበታል። ሁለቱ በአንዳንድ ቦታ ጎን ለጎን ናቸው፤ አንድ ሸንተረር መሻገር ከሕጋዊ አዳኝነት ወደ ፌዴራል ወንጀለኛነት ሊያሻግር ይችላል።

ሦስተኛው ዓይነት የግዛቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት የሚያስተዳድራቸው የዱር እንስሳት ቦታዎች ናቸው። ለዋሽንግተን ነዋሪ ከሚቀርቡት አንዱ በሊንደን አጠገብ፣ ከአይ 66 አውራ ጎዳና ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው የጂ ሪቻርድ ቶምፕሰን ቦታ ነው። ቅርብ በመሆኑ ግን ሰው ይበዛበታል። እኔ ብሆን አንድ ሰዓት ጨምሬ እነዳለሁ። በኤድንበርግ ከተማ ቢሮ ያለው የሊ ወረዳ ማሳኑተንንና ታላቁን ሰሜን ተራራ ይይዛል፤ በሃሪሰንበርግ ያለው የሰሜን ወንዝ ወረዳም ሰፊ ነው። ወደነዚህ ቢሮዎች ሄዳችሁ ካርታ ግዙ፤ የትኛው የደን መንገድ በኖቬምበር ክፍት እንደሆነ፣ ባለፉት ዓመታት የት እንጨት እንደተቆረጠ፣ የት ታስቦበት እሳት እንደተለኮሰ ጠይቁ። ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ለምን እንደሚጠቅም ቆይተን እናያለን።

የደኑ ካርታ ቀዳዳ የበዛበት ነጠላ ነው፤ በአረንጓዴው መካከል የግል መሬቶች አሉ። የመሬት ድንበር የሚያሳይ የስልክ መተግበሪያ ካርታውን አስቀድማችሁ አውርዱ፤ ተራራው ውስጥ ኔትወርክ አትጠብቁ። በመሬት ላይ ድንበሩ በቀለም በተቀቡ ዛፎችና በትናንሽ ሰሌዳዎች ይለያል። ስልክ ባትሪው ሲሞት ከንቱ ስለሆነ የወረቀት ካርታና ኮምፓስም ያዙ።

በብሔራዊ ደን ውስጥ ከመኖሪያ ቤት፣ ከሕንፃ፣ ከካምፕ ቦታና ሰው ከሚበዛበት መዝናኛ በ150 ያርድ ክልል ውስጥ፣ እንዲሁም መንገድን አሻግሮ መተኮስ ክልክል ነው። የተዘጋ በር ያለበት የደን መንገድ ስታገኙ መኪናችሁን የበሩን መተላለፊያ እንዳይጋርድ አቁማችሁ በእግር ግቡ። ሰነፍ አዳኝ የማይገባበት ቦታ ማለት ያ ነው።

ወረቀት

ቀድሞ የአደን ፈቃድ የማያውቅ ሰው የአዳኝ ደኅንነት ትምህርት መውሰድ አለበት። በአካልም በኢንተርኔትም ይሰጣል። ጀማሪው በአካል ቢማር እመክራለሁ፤ ጠመንጃ ይዞ አጥር መሻገርን ከማያ ገጽ መማር አይቻልም። ለመሞከር ብቻ የሚፈልግ ሰው ፈቃድ ካለው አዋቂ ጋር ሆኖ የሚያድንበት የተለማማጅ ፈቃድም አለ።

ለብሔራዊ ደን የሚያስፈልጋችሁ ሦስት ነገር ነው፦ መሠረታዊ የአደን ፈቃድ፣ የአጋዘንና የተርኪ ወፍ ፈቃድ፣ እንዲሁም ዋጋው ጥቂት ዶላር የሆነ የብሔራዊ ደን ፈቃድ። ሦስተኛውን ብዙዎች ይረሱታል። በቀስት ወይም ባሩዱና ጥይቱ በአፈሙዙ በሚጎርስ ጠመንጃ ልዩ ወቅቶች ለማደን ተጨማሪ ፈቃድ ያስፈልጋል። የነዋሪ ዋጋ የሚከፍለው በቨርጂኒያ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ ነው። ሜሪላንድ ወይም ዲሲ የምትኖሩ የእንግዳውን ዋጋ ትከፍላላችሁ፤ ልዩነቱ ስለሚሰማ አስቀድማችሁ አስሉት።

በየዓመቱ የሚወጣውን የደንብ መጽሐፍ ስለ ካውንቲያችሁ የሚለውን አንብቡ። ከብሉ ሪጅ በስተምዕራብ ወቅቱ አጭር ነው፤ በብሔራዊ ደን ቀንድ የሌለው አጋዘን የሚታደንባቸው ቀናትም ጥቂት ናቸው። ቀንዱ ከፀጉሩ በላይ ካልታየ ወንድ ቢሆንም ቀንድ እንደሌለው ይቆጠራል። አጋዘንን በውሻ ማባረር በዚህ በኩል ክልክል ነው። እሑድ በመንግሥት መሬት ማደን ከ2022 ወዲህ ተፈቅዷል፤ ከጸሎት ቤት በ200 ያርድ ክልል ውስጥ ግን አይቻልም። ለኛ ቅዳሴው ራሱ ይከለክላል ብላችሁ ካሰባችሁ፣ ቅዳሜ አለላችሁ።

አሁን ስለ መሣሪያው፤ ግን በቅድሚያ ስለ መኖሪያ ፈቃዳችሁ

ይህንን ክፍል ሳታነቡ ወደ መደብር አትሂዱ። ዜጋ ወይም የግሪን ካርድ ባለቤት በአጠቃላይ ጠመንጃ ሊገዛ ይችላል። በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰውን ግን የፌዴራል ሕግ ጠመንጃና ጥይት መያዝ ይከለክለዋል፤ ልዩ ሁኔታዎች አሉ፣ ከነሱም አንዱ ሕጋዊ የአደን ፈቃድ መያዝ ነው። ቢሆንም ይህንን በጓደኛ ምክር አትወስኑት፤ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቁ። ጉዳዩ ገና በሂደት ላይ ያለ ሰው የተበደረውንም ጠመንጃ ቢሆን ከጠበቃ በፊት አይንካ። የጦር መሣሪያ ወንጀል የግሪን ካርድ ባለቤትን ጭምር ከአገር ሊያስወጣ የሚችል ነው። ደግሞ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ ከተከለከሉት ንጥረ ነገሮች አንዱ ነው፤ በሚገዙበት ጊዜ የሚሞላው ቅጽ ደግሞ ስለ አደንዛዥ ነገር ተጠቃሚነት በቀጥታ ይጠይቃል። ቅጹ ላይ መዋሸት በራሱ ወንጀል ነው።

ከዚህ ሁሉ ለመራቅ ለሚፈልግ ቀስት አለ። ቃታ ያለው ክሮስቦ በቨርጂኒያ በቀስት ወቅት ይፈቀዳል፤ ወቅቱም በኦክቶበር መጀመሪያ ስለሚከፈት ደኑ ገና ጸጥ ያለ ነው። ነገር ግን ቀስት ቅርብ መሆንን ይጠይቃል፤ ከ30 ያርድ በላይ ጀማሪ መሞከር የለበትም።

ጠመንጃ ለሚገዛ፦ በቨርጂኒያ ለአጋዘን የሚፈቀደው ከ0.23 ኢንች ያላነሰ ካሊበር (የአፈሙዝ ስፋት) ነው። ስለዚህ በየመደብሩ የሚታየው 223 አይሆንም። 270፣ 308 ወይም 30-06 ከበቂ በላይ ናቸው። በእነዚህ ደኖች አብዛኛው ተኩስ ከ100 ያርድ በታች ስለሆነ ውድ የማነጣጠሪያ መነጽር አያስፈልግም። ያገለገለ ቀላል ጠመንጃ ግዙ፤ የተረፈውን ገንዘብ ለጫማ አድርጉት። ጥይቱ ከመዳብ ቢሆን እመርጣለሁ፤ እርሳስ ሲሰበር ዓይን የማያየው ፍርፋሪ ሆኖ በሥጋው ውስጥ ይሰራጫል፣ ቤት ደግሞ ልጆች አሉ። ከዚያ ወደ ተኩስ ሜዳ ሄዳችሁ በ100 ያርድ ላይ እስክታምኑት ድረስ አስተካክሉ፤ ጠረጴዛ ላይ ተደግፋችሁ ብቻ ሳይሆን ተቀምጣችሁና ተንበርክካችሁም ተኩሱ። ደን ውስጥ ጠረጴዛ የለም።

ቅኝት

የአደኑ ልብ ይህ ነው። በምዕራቡ ቨርጂኒያ ብሔራዊ ደን ውስጥ ያለው አጋዘን በሸለቆው ካለው የግል እርሻ ይልቅ የሳሳ ነው። ምክንያቱም ደኑ አርጅቷል። በ1911 የወጣው የዊክስ ሕግ መንግሥት የተራቆቱ ተራሮችን እንዲገዛ ከፈቀደ በኋላ ዛፉ ተመልሶ አደገ፤ አሁን ጣሪያው ተገጣጥሞ ብርሃን ወደ መሬት አይደርስም፤ ብርሃን ከሌለ ቁጥቋጦ የለም፣ ቁጥቋጦ ከሌለ አጋዘን የሚቀጥፈው ቅጠል የለም። ስለዚህ ዝም ብሎ ውብ ደን ውስጥ መቀመጥ ቀኑን ሙሉ ሽኮኮ መቁጠር ነው። የምትፈልጉት የተበጠበጠ ቦታ ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት እንጨት የተቆረጠበት፣ እሳት የገባበት፣ ንፋስ ዛፍ የጣለበት። ለወረዳው ቢሮ ጥያቄ ያቀረብነው ለዚህ ነው።

ሥራውን ቤት ውስጥ ጀምሩ። በካርታው ላይ መኪና የሚደርስባቸውን መንገዶች ሁሉ አስምሩ፤ ከነሱ ቢያንስ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል የራቀውን ለዩ። በዚያ ውስጥ ሦስት ነገር ፈልጉ፦ በሁለት ጫፎች መካከል ሸንተረሩ ዝቅ የሚልበትን በር፤ በተዳፋት ወገብ ላይ ያለውን ጠፍጣፋ እርከን፤ የተቆረጠው ቦታ ከትልቁ ደን ጋር የሚገናኝበትን ጠርዝ። አጋዘንም እንደ ሰው ድካምን ይሸሻል፤ ተራራ የሚሻገረው በበር ነው።

ከዚያ በእግር ውጡ። ከፌብሩዋሪ እስከ ማርች ቅጠሉ ረግፎ ያለፈው ዓመት ምልክት ሁሉ ስለሚታይ ጥሩ ጊዜ ነው፤ ሴፕቴምበር ደግሞ ምን ፍሬ እንዳፈራ ያሳያል። ኦክ ዛፍን ለዩ። የነጩ ኦክ ቅጠል ጠርዙ የተድበለበለ ነው፤ የቀዩ ሹል ነው። የነጩ ፍሬ መራራነቱ ያነሰ ስለሆነ አጋዘን መጀመሪያ የሚሄደው ወደሱ ነው፤ የቀዩ ለክረምቱ ይቆያል። ነጩ ኦክ ባላፈራበት ዓመት ቦታችሁን ለመቀየር ተዘጋጁ፤ አጋዘኑ ምግብ ፍለጋ ወደ ታች ይወርዳል።

በመሬት ላይ የምታነቡት፦ ትኩስ በጠጥ፣ በጭቃ ላይ የኮቴ ዱካ፣ ቅጠሉ የተጋጠ ቁጥቋጦ፣ ወንዱ ቀንዱን የፈተገበት የተላጠ ግንድ፣ ከተንጠለጠለ ቅርንጫፍ ሥር በኮቴው የጫረው መሬት። አንድ የተላጠ ግንድ ምንም አይነግራችሁም፤ በአንድ መስመር የተከታተሉ ሦስት አራት ከሆኑ ግን መንገዱ ነው። በኖቬምበር አጋማሽ የመራቢያቸው ወቅት ስለሚጋጋል ወንዶቹ በቀንም ይንቀሳቀሳሉ። ቦታውን ካርታ ላይ ምልክት አድርጉ፤ አንድ ብቻ ሳይሆን ሦስት ቦታ ይኑራችሁ። የመጀመሪያው ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ታገኛላችሁና። ያኔ ራቅ ብላችሁ ሂዱ፤ በመንግሥት መሬት ላይ “የኔ ቦታ” የሚባል ነገር የለም፣ ቀድሞ የደረሰ ግን ክብር ይገባዋል።

በቆሎም ሆነ ጨው ማስቀመጥ የተከለከለ ነው። ዛፍ ላይ ለመቀመጥ ካሰባችሁ ግንዱን የማይጎዳ ተንቀሳቃሽ መቀመጫ ተጠቀሙ፤ ሚስማርና ብሎን አይፈቀድም። ከመሬት ለቅቃችሁ እስክትመለሱ ድረስ መላ አካልን የሚይዝ ቀበቶ ይታሰር። ለጀማሪ ግን መሬት ላይ፣ ግንድ ተደግፎ መቀመጥ ይበቃል።

የአደኑ ጠዋት

በጠመንጃ ወቅት ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ሮዝ መልበስ ግዴታ ነው። ኮፍያ ይበቃል፤ ሰደርያም ጨምሩበት። አጋዘን ይህንን ቀለም እንደኛ አያየውም። ማሽተት ላይ ግን ምሕረት የለውም። የቁሌት፣ የንጥር ቅቤና የዕጣን ሽታ ያደረበት ጃኬት ከማንኛውም እንቅስቃሴ በፊት ያጋልጣል። የአደን ልብሳችሁን ሽታ በሌለው ሳሙና እጠቡና ከኩሽና ርቆ በላስቲክ ከረጢት ይቀመጥ፤ መኪና ማቆሚያው ላይ ደርሳችሁ ልበሱት።

ስንቅን በተመለከተ ቆሎ የሚመስል የለም፣ ይሁን እንጂ ይንኮሻኮሻል፤ ዳቦ ቆሎማ ከነጭራሹ አይታሰብም። በሶ ወይም ጭኮ ድምፅ የለውም፣ አይቀዘቅዝም፣ ቀኑን ይይዛል።

ወዴት እንደምትሄዱና ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ቤት ውስጥ ንገሩ። መተኮስ የሚፈቀደው ፀሐይ ከመውጣቷ ከግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ከጠለቀች ከግማሽ ሰዓት በኋላ ድረስ ነው፤ ስለዚህ በጨለማ፣ በግንባር መብራት ትገባላችሁ። ነፋሱን አስተውሉ። ፀሐይ ተዳፋቱን ስታሞቅ አየሩ ሽቅብ ይወጣል፣ ሲመሽ ቁልቁል ይፈሳል። ጠዋት ከምትጠብቁት መንገድ በላይ፣ ማታ በታች መቀመጥ ይሻላል። ብርሃን ከመውጣቱ በፊት ግን ቀዝቃዛው አየር ገና ወደ ታች እየወረደ ስለሆነ ሽታችሁ ደርሶት ከታች የምትጠብቁት አጋዘን ሊሸሽ ይችላል፤ ታገሡ። በመክፈቻው ጠዋት ሌሎቹ አዳኞች ከመንገድ ሲገቡ አጋዘኑን ወደ ውስጥ ይገፉታል። እናንተ በሸንተረሩ በር ላይ ከሆናችሁ እየሠሩላችሁ ነው። እነሱ ለምሳ ሲወጡ አትውጡ። ከአራት እስከ ስምንት ሰዓት ያለው እኩለ ቀን በዚህ ሳምንት የተናቀ ሀብት ነው።

የዱር እንስሳት ፖሊስ ቢመጣ አፈሙዙን ወደ መሬት አድርጋችሁ፣ እጃችሁን እያሳያችሁ ሰላም በሉ፤ ፈቃዱን ይጠይቃል፣ ያያል፣ ይሄዳል። የተለመደ ነገር ነው።

ተኩሱና ከሱ በኋላ

ከኋላው አፈር ወይም ኮረብታ ሳይኖር አትተኩሱ፤ በሸንተረር ጫፍ ላይ ከሰማዩ ጋር የቆመ አጋዘን የማይተኮስ አጋዘን ነው። ሙሉ እንስሳውን ሳታዩ በቅጠል ውስጥ ለተንቀሳቀሰ ነገር ቃታ አትንኩ። ጎኑን እስኪሰጣችሁ ወይም ፊቱን ከናንተ ትንሽ እስኪያዞር ጠብቁ፤ ከፊት እግሩ ጀርባ፣ ከደረቱ ታች አንድ ሦስተኛ ከፍ ብሎ ልብና ሳንባ አለ። ጭንቅላት ላይ አትሞክሩ።

ከተኮሳችሁ በኋላ ፉከራም እልልታም የለም፤ ባላችሁበት ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። የቆመበትን ቦታና ለመጨረሻ ጊዜ ያያችሁበትን ዛፍ በዓይናችሁ ያዙ። ከዚያ ደሙን አንብቡ። ደማቅና አረፋ ያለው ከሆነ ሳንባ ነው፤ ሩቅ አይሄድም። ጥቁር ቀይ ከሆነ ጉበት ሊሆን ስለሚችል ጥቂት ሰዓት ጠብቁ። ፈርስ የተቀላቀለበት፣ የሚሸት ከሆነ አንጀት ተመቷል፤ ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ካልጠበቃችሁ ተነስቶ ሸለቆ ይሻገራል። በገመድ የታሰረ ፈላጊ ውሻ መጠቀም ይፈቀዳል። ወደ ግል መሬት ከገባ ባለቤቱን አስፈቅዱ።

ስታገኙት ከቦታው ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት ፈቃዳችሁ ላይ ያለውን የአጋዘን መለያ ጥቅም ላይ እንደዋለ ምልክት አድርጉበት፤ ከዚያ በስልክ ወይም በመሥሪያ ቤቱ መተግበሪያ አስመዝግቡ። በተራራ ውስጥ ቆራርጣችሁ ለመሸከም ካሰባችሁ ደንቡ ጾታውን የሚያሳየው ክፍል እንዲቆይ ስለሚጠይቅ አስቀድማችሁ አንብቡት።

በዓል ሲመጣ በግ ላረደ ሰው ቀጣዩ ሥራ አዲስ አይደለም። ጓንት አድርጉ። በጀርባው አስተኙት፤ በሁለት ጣት ቆዳውን ከፍ አድርጋችሁ ስለቱ ወደ ላይ ሆኖ ከደረት አጥንት እስከ ታች ቅደዱ፤ ጨጓራውንና የሽንት ፊኛውን እንዳትወጉ። የደረትና የሆድ መለያውን ዙሪያውን ቁረጡ፣ እጃችሁን አስገብታችሁ የአየር ቧንቧውን ከላይ ቁረጡና ሁሉንም ሳቡ። ፈርስ የነካውን ሥጋ ቆርጣችሁ ጣሉ እንጂ አትጠቡት። የኖቬምበር ቀን አንዳንዴ ስለሚሞቅ ቶሎ አቀዝቅዙ፤ መኪናው ውስጥ በረዶ የሞላ ሳጥን ይጠብቃችሁ።

በሽታውና ጥሬ ሥጋ

በቨርጂኒያ አጋዘንን የሚያመነምን የአንጎል በሽታ አለ፤ መጀመሪያ የተገኘው በ2009 የአደን ወቅት በፍሬድሪክ ካውንቲ ነበር። መንስኤው ፕሪዮን የተባለ የተዛባ ፕሮቲን ስለሆነ ማብሰል አያጠፋውም። እስካሁን ወደ ሰው መተላለፉ አልተረጋገጠም፤ ቢሆንም የጤና ባለሥልጣናት በሽታው የተገኘበትን እንስሳ ሥጋ አትብሉ ይላሉ። በሽታው ባለባቸው ካውንቲዎች ናሙና ስጡ፤ ውጤቱ እስኪመጣ ሥጋውን ለይታችሁ አቆዩ። አንጎል፣ አከርካሪ ውስጥ ያለውን ሰረሰርና እጢዎችን አትንኩ፤ ሥጋውን ከአጥንት ለዩ፤ በድኑን ሙሉውን ከነዚህ ካውንቲዎች ማውጣት ሊከለከል ስለሚችል አጣሩ።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማይወደውን ልበል። የአጋዘን ክትፎ በጥሬው አይበላም፤ ጎረድ ጎረድም እንደዚሁ። ኢ ኮላይና ቶክሶፕላዝማ ሥጋው ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። በ2010 በሚኒሶታ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አጋዘን ራሳቸው ያዘጋጁና የጠበሱ ተማሪዎች በኢ ኮላይ ታመዋል። በረዶ ቤት ማቆየት ባክቴሪያውን አይገድልም። የተፈጨውን እስከ 71 ዲግሪ ሴልሺየስ አብስሉት፤ ቴርሞሜትር ግዙ። ነፍሰ ጡር ሴት ያለችበት ቤት ከሆነ ጥንቃቄው ይጥበቅ።

ሥጋው ስብ የለውም፤ ሻኛ የሚባል ነገርም አትፈልጉበት። ሽንጡን በሰፊው ቆርጣችሁ በጋለ ምጣድ ከንጥር ቅቤ፣ ከሮዝመሪና ከቃሪያ ጋር ጥበሱት። የእግሩ ሥጋ ለቀይ ወጥ ይሆናል፤ ቁሌቱ በደንብ ይብሰል፣ ቅቤውም ከበግ ወጥ ይልቅ ይብዛለት። ቋንጣ ለመሥራት የቨርጂኒያን እርጥበት አትመኑ፤ ዝልዝሉን በምድጃ ከ71 ዲግሪ በላይ አሙቃችሁ ከዚያ በማድረቂያ መሣሪያ አድርቁት። ከሚያስፈልጋችሁ በላይ ከተረፈ በ1991 የተመሠረተው ረሃብተኞችን የሚመግብ የአዳኞች ድርጅት በቨርጂኒያ ውስጥ ከሥጋ ቤቶች ጋር ይሠራል፤ እንስሳውን ወዳመለከታችሁ ሥጋ ቤት ማድረስ ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ። አጥንቱንና ቆዳውን ጫካ ውስጥ አትጣሉ፤ በሁለት ፌስታል አስራችሁ ወደ ካውንቲው ቆሻሻ ማስወገጃ ውሰዱት፣ ከመሄዳችሁ በፊትም እንደሚቀበሉ ደውላችሁ ጠይቁ።